የስፒትፋየር ሞዴል ለመግዛት፦ 1/72፣ 1/48 ወይስ 1/32?

የስፒትፋየር (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) የፕላስቲክ ሞዴል የሚፈልግ ሰው መደርደሪያው ፊት ሲቆም ሳጥኑ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አንዱ 12 ዶላር፣ ጎኑ ያለው 40፣ ከላይ የተቀመጠው 150 ይላል፤ ክዳናቸው ላይ ግን ያው ቡናማና አረንጓዴ አውሮፕላን ያው ደመና ውስጥ ይበራል። ውዱ የተሻለ ነው፣ ትልቁ ይከብዳል፣ ትንሹ ይቀላል የሚባለው ሁሉ ግማሽ እውነት ነው።

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን ከዋጋው ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከቀለሙ ነው። በብሩሽ ነው የሚቀቡት፣ በስፕሬይ ወይስ በኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ)? ማጣበቁ በየትኛውም ስኬል (ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ) ተቀራራቢ ሥራ ነው፤ አንድን ሞዴል መደርደሪያ ላይ የሚያቆየው ወይም መሳቢያ ውስጥ የሚያስደብቀው ቀለሙ ነው። ለቀለሙ መልስ ካለ ስኬሉም፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትም፣ በጀቱም ከሞላ ጎደል ራሱ ይመጣል።

ለማነጻጸሪያ ስፒትፋየር የተያዘው በሁሉም ስኬል፣ ከብዙ አምራች፣ ከርካሽ እስከ ውድ ስለሚገኝ ነው። ሚዛኑ ለሌሎቹ የዘመኑ ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ለሜሰርሽሚት 109ም ለሙስታንግም ይሠራል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ዋጋው እንደ አገሩና እንደ ሻጩ ስለሚለያይ ለማነጻጸር ያህል ብቻ ይወሰድ።

## በምን እንመዝን?

የሚቀባው ስፋት። 1/72 ማለት የእውነተኛው 72 ሴንቲሜትር ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ ለጆሮ እንግዳ የሆነው ከእንግሊዞች መለኪያ ስለመጣ ነው፤ 1 ኢንች ለ6 ጫማ። 1/48 ደግሞ ሩብ ኢንች ለ1 ጫማ ነው። የስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ስለሆነ በ1/72 15.6 ሴንቲሜትር፣ በ1/48 23.4፣ በ1/32 35፣ በ1/24 ወደ 47 ይሆናል። በርዝመት ሲታይ ልዩነቱ አያስፈራም። ቀለም የሚቀባው ግን ስፋት ነው። የእውነተኛው ክንፍ ስፋት 22.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ በ1/72 43 ካሬ ሴንቲሜትር (ከባንክ ካርድ ትንሽ ያነሰ)፣ በ1/48 98፣ በ1/32 220 ይሆናል። ከ1/72 ወደ 1/32 የሄደ ሰው የአውሮፕላኑን ርዝመት ከእጥፍ ትንሽ አሳለፈ፣ የሚቀባውን ገጽ ግን አምስት እጥፍ አደረገ። በብሩሽ የባንክ ካርድ የሚያህል ገጽ ያለ መስመር መቀባት ይቻላል፤ አምስት እጥፉ ላይ የብሩሹ ዱካ መታየቱ አይቀርም።

የፎርማው (ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ብረት) ዕድሜ። አምራቾች አሮጌ ፎርማ በአዲስ ሳጥን ማውጣት ልማዳቸው ነው። ለምሳሌ ታሚያ የተባለው አምራች 1/48 ስፒትፋየር ማርክ 1 («ማርክ» የአውሮፕላኑ ዓይነት ቁጥር ነው) ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ቁጥር 61032፣ ሌላው በ2018 ከዜሮ የተሠራው ቁጥር 61119። ስማቸው አንድ ስለሆነ የሚለያቸው ቁጥሩ ነው፤ ርካሹን አገኘሁ ብሎ የደስታ ፎቶ ከመለጠፍ በፊት ጎኑን ማንበብ ይበጃል። የሳጥኑ ታሪክ ካልታወቀ ፕላስቲኩ ራሱ ይናገራል። በክንፉ ላይ ያለው የቆርቆሮ መገጣጠሚያ መስመር ወደ ውስጥ የተቀረጸ ሳይሆን ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ፎርማው የድሮ ነው፤ ስፌቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲሞርዱ መስመሩም አብሮ ይጠፋል። በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ስስ የፕላስቲክ ቆዳ ከተረፈ ፎርማው ተበልቷል።

ከሳጥኑ ውጭ ያለው ወጪ። የመጀመሪያው ሞዴል ዋጋ የሳጥኑ ዋጋ አይደለም። መቁረጫ ፒንሳ፣ ከተር፣ ስስ ፈሳሽ ማጣበቂያ፣ ባለ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረንጦ፣ የ6 ሚሊሜትር ማስኪንግ ቴፕ፣ ሁለት ሦስት ብሩሽ ያስፈልጋል። ለማርክ 1 ደግሞ ቢያንስ ዳርክ ኧርዝ፣ ዳርክ ግሪን፣ ስካይ፣ የኮክፒት ግራጫማ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ብርማ፣ አንጸባራቂና ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ። ይህ ሁሉ ከ50 እስከ 70 ዶላር ይደርሳል። ደግነቱ መሣሪያው ለሚቀጥሉት አሥር ሞዴሎች ያገለግላል። ስለዚህ በ12 እና በ40 ዶላር ሳጥን መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ከሚታየው ያነሰ ነው፤ ከ70 እና ከ100 መካከል እንደመምረጥ ነው።

ጊዜና ቦታ። 1/72 ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። 1/32 ወራት ጠረጴዛ ይይዛል። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ የተከፈተ ቀለምና ከተር ማታ ማታ መሰብሰብ ካለበት፣ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

## 1/72፦ ትንሹ ቀላሉ ነው?

ለማጣበቅ አዎ፣ ለመቀባት በከፊል፣ ለዓይን አይደለም።

ኤርፊክስ የተባለው አምራች 1/72 ማርክ 1 ክፍሎቹ ከ40 አይበልጡም። ቀለም፣ ማጣበቂያና ብሩሽ አብሮት ያለበት የማስጀመሪያ ሳጥንም አለ፤ ከ15 እስከ 20 ዶላር። ጎማውን አውጥተው ቆሞ ወይም አጥፈው እየበረረ መሥራት ይቻላል፣ ፓይለትም አለው። የመገጣጠሚያ መስመሮቹ ለስኬሉ ትንሽ ሰፋ ይላሉ፤ ይህ ጉድለት ለብሩሽ ሠራተኛ ጥቅም ነው፣ ሦስት አራት ጊዜ ቢቀባም መስመሩ አይደፈንም። አብሮ የሚመጣው ብሩሽ ግን ለክንፍ አይሆንም። ባለ 6 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ለብቻ ይግዙ።

ሌላ የማይነገር ጥቅም አለው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ በቡናማውና በአረንጓዴው መካከል 3 ሴንቲሜትር የስፕሬይ ጭጋግ ቢኖር በ1/72 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ በብሩሽ የተሳለ ጥርት ያለ ጠርዝ በዚህ ስኬል ስህተት አይደለም። በ1/32 ያው ጭጋግ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን በብሩሽ የተቆረጠ ጠርዝ የልጅ ሥዕል ያስመስለዋል።

ችግሩ ትንንሹ ነገር ላይ ነው። የኮክፒቱ መስታወት ክፈፍ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ያለ መሸፈኛ በእጅ ቀጥ አድርጎ መሳል የሰለጠነንም ይፈትናል። የ1.75 ሜትር ሰው በዚህ ስኬል 2.4 ሴንቲሜትር ነው፤ የፓይለቱን ፊት ለመቀባት የሚነሳ ሰው ያስብበት። ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነ፣ መነጽር ለሚያወልቅና ለሚያደርግ ሰው፣ «ትንሽ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለው ምክር የተሳሳተ ምክር ነው።

## 1/48፦ ብዙው ሰው የሚያርፍበት

ለትልቅ ሰው የመጀመሪያ ሞዴል ከተባለ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ክፍሎቹ በጣት ይያዛሉ፣ ክንፉ ገና በብሩሽ የሚገፋ ነው፣ ኮክፒቱ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። ጥያቄው የትኛው 1/48 የሚለው ነው፤ ሦስት የተለያየ ዓላማ ያላቸው አሉ።

ኤርፊክስ ርካሹ ነው፣ ከ25 እስከ 35 ዶላር። አዲሱ ፎርማ ቅርጹ ጥሩ ነው፤ ፕላስቲኩ ለስለስ ስለሚል ከስፕሩው (ክፍሎቹን ከያዘው የፕላስቲክ ማዕቀፍ) ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል። መጀመሪያ 2 ሚሊሜትር አርቀው ይቁረጡ፣ ቀሪውን በከተር ይላጩ፣ ከዚያ ይሞርዱ። በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ ከቆረጡት ክፍሉን ይነጨዋል። ጥቂት ስቱኮ መጠቀምም አይቀርም።

ታሚያ 61119፣ ከ35 እስከ 45 ዶላር፣ ለመገጣጠም የታሰበ ነው። ክፍሉ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ ስቱኮ ሳይነካው የሚያልቅበት ዕድል ሰፊ ነው። ለጀማሪ ይህ ከዝርዝር ይበልጣል፤ ሞዴል ተጀምሮ የሚቀረው በአብዛኛው ስፌት መሙላትና መሞረድ ሲያታክት ነውና። ደካማ ጎኑ ዲካሉ (በውሃ የሚለጠፈው ምልክት) ወፈር ማለቱ ነው፤ ማለስለሻ ፈሳሽ ካልተቀባ በመስመሮቹ ላይ እንደ ፕላስተር ተወጥሮ ይቀራል።

ኤዱዋርድ ዝርዝሩ የበዛ ነው፤ ክንፉና ቀፎው (የአውሮፕላኑ አካል) ላይ ሪቬቱ (ቆርቆሮውን የሚይዘው ምስማር) አንድ በአንድ ተቀርጿል። ግን ሳጥኑን መለየት ያስፈልጋል። «ዊክኤንድ» የሚባለው ፕላስቲክና ዲካል ብቻ ነው፣ ከ30 እስከ 35 ዶላር። «ፕሮፊፓክ» የሚለው ቀለም የተቀባ ስስ የብረት ክፍልና ለመስታወቱ የተቆረጠ መሸፈኛ ይጨምራል፣ ከ45 እስከ 55። «ኦቨርትሪስ» የሚባለው ደግሞ ፕላስቲኩ ብቻ ነው፤ ዲካል የለውም፣ ርካሽ መስሏቸው የሚገዙት ይቆጫሉ። አንዱ ስፕሩ ለብዙ ዓይነት ስፒትፋየር ስለሚያገለግል የማይፈለጉ ክፍሎች በብዛት ይተርፋሉ፤ መመሪያው ላይ ጠቆር ብለው የተሳሉትን አስቀድሞ በማርከር ማጥፋት ከስህተት ያድናል።

ስለ ብረቱ ክፍል ጥቂት እንበል፤ ሰው የሚገዛው ፎቶውን አይቶ ነውና። የመሣሪያ ሰሌዳው በሁለት ንብርብር ነው የሚመጣው፤ ሰዓቶቹ የታተሙበት ከሥር፣ ቀዳዳ ያለው ከላይ። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቅርጽ በከተር መላጨት ያስፈልጋል። ብረቱን በሴራሚክ ወይም በመስታወት ላይ አድርገው ይቁረጡ፤ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ከተቆረጠ ይታጠፋል። ማጣበቂያው ሱፐር ግሉ ነው፤ ጠብታ ሳይሆን በስቴኪኒ ጫፍ የተነካ ነጥብ። ከበዛ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ የታተመውን ሰዓት ያበላሻል። ወረንጦው ጠበቅ ካለ ክፍሉ ይፈናጠራል፤ ወለል ላይ ከወደቀ ፍለጋው ከማጣበቁ ይረዝማል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መስታወቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ ከሰሌዳው የሚታየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፕሮፊፓክ ለጀማሪ ዋጋ የሚያወጣው በብረቱ ሳይሆን በመስታወት መሸፈኛው ነው፤ መሸፈኛው ደግሞ ለብቻው ይሸጣል። ዊክኤንድ ወይም ታሚያ ገዝቶ መሸፈኛ መጨመር ብዙ ጊዜ የተሻለው ስሌት ነው።

## 1/32 እና 1/24

የሬቬል 1/32 ማርክ 2 ትልቅ ስፒትፋየር ውድ መሆን እንደሌለበት ያሳያል፤ ከ35 እስከ 50 ዶላር ይገኛል። ሪቬቱ ጠለቅ ያለ ነው፣ አንዳንድ መገጣጠሚያው ስቱኮ ይጠይቃል። ኤርብራሽ ያለውና ብዙ ማውጣት የማይፈልግ ሰው መለማመጃ ሊያደርገው ይችላል።

የታሚያ 1/32 ማርክ 9፣ በ2009 የወጣው፣ ከ110 እስከ 150 ዶላር ነው። ሞተሩ ሙሉ ነው፤ የሞተር ሽፋኑ በማግኔት ስለሚያዝ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክፍሎቹ ይገጥማሉ፤ የሚከብደው ብዛታቸው ነው። የመጀመሪያ ሞዴል ለሚሠራ ሰው ስጦታ አድርጎ መግዛት ደግነት ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ተደንቆ፣ ተዘግቶ ይቀራል። የኤርፊክስ 1/24 ማርክ 9 ክንፉ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የሚቀመጥበት መደርደሪያ ከሌለ ሌላው ንግግር አያስፈልግም።

## በአንድ ገጽ

| ምርጫ | ክንፍ (ሴሜ) | የሳጥኑ ዋጋ (ዶላር) | ለጀማሪ ሰዓት በግምት | የሚስማማው መቀቢያ | የሚፈትነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤርፊክስ 1/72 ማስጀመሪያ | 15.6 | 15–20 | 8–12 | ብሩሽ | የመስታወቱ ክፈፍ |
| ኤርፊክስ 1/48 | 23.4 | 25–35 | 20–30 | ብሩሽ፣ ስፕሬይ | ስፌትና ስቱኮ |
| ታሚያ 1/48 (61119) | 23.4 | 35–45 | 20–25 | ብሩሽ፣ ስፕሬይ፣ ኤርብራሽ | ወፍራም ዲካል |
| ኤዱዋርድ 1/48 ፕሮፊፓክ | 23.4 | 45–55 | 35–50 | ኤርብራሽ | የብረት ክፍል |
| ሬቬል 1/32 ማርክ 2 | 35 | 35–50 | 30–40 | ኤርብራሽ | መገጣጠሚያ፣ የቀለም ስፋት |
| ታሚያ 1/32 ማርክ 9 | 35 | 110–150 | ከ80 በላይ | ኤርብራሽ | የክፍል ብዛት |

## ማርክ 1፣ ማርክ 5 ወይስ ማርክ 9?

ይህ የታሪክ ፍቅር ጥያቄ ይመስላል፤ ለሠሪው ግን የእጅ ሥራ ጥያቄም ነው።

ማርክ 1 በ1940 የብሪታንያ የአየር ጦርነት ላይ የተዋጋው ነው። ስምንቱ መትረየሶች ክንፉ ውስጥ ስለተቀበሩ ወደ ፊት የወጣ ነገር የለውም። ሞዴሉን ሲይዙ የሚሰበር ነገር አነሰ ማለት ነው፤ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። በማርክ 5 ቢ እና በማርክ 9 ላይ ግን የ20 ሚሊሜትር መድፍ ከክንፉ ፊት ይወጣል። እነዚህ በመጨረሻ፣ ዲካሉም ቫርኒሹም ካለቀ በኋላ ይለጠፉ፤ ቀድመው ከተለጠፉ ቢያንስ አንዱ ይሰበራል። ማርክ 9 ከ1942 አጋማሽ ጀምሮ የዋለ ሲሆን ባለ አራት ምላጭ ፕሮፔለርና ከሁለቱም ክንፍ ሥር ተመሳሳይ ራዲያተር አለው። ማርክ 1 እና 5 ላይ ግን ትልቁ ራዲያተር በቀኝ ክንፍ ሥር፣ ጠባቡ የዘይት ማቀዝቀዣ በግራ ነው። አለመመሳሰላቸውን የፋብሪካ ስህተት መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ።

ቀለሙም ይለያያል። በ1940 በጋ ላይኛው ዳርክ ኧርዝና ዳርክ ግሪን፣ ታችኛው ስካይ የሚባለው ፈዛዛ አረንጓዴማ ነበር። ከነሐሴ 1941 ጀምሮ ቡናማው በኦሽን ግሬይ፣ ታችኛው በሚዲየም ሲ ግሬይ ተተካ። በስፕሬይ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ወሳኝ ነው። የታሚያ ኤኤስ (ለአውሮፕላን ሞዴል የተዘጋጁ) ስፕሬዮች ውስጥ ዳርክ ግሪን 9፣ ኦሽን ግሬይ 10፣ ሚዲየም ሲ ግሬይ 11 ቁጥር ሆነው ይገኛሉ፤ ዳርክ ኧርዝ ቁጥር 22 ነው፤ ስካይ ግን እዚያ ተርታ ውስጥ የለም። ስለዚህ ኤርብራሽ የሌለው፣ ስፕሬይ ያለው ሰው የኋለኛውን የግራጫ ቀለም ያለው ማርክ 5 ወይም 9 ቢመርጥ ይቀለዋል። ስካይ የሚያስፈልገው ለአፍንጫውና በጅራቱ ዙሪያ ላለው ቀበቶ ብቻ ይሆናል፤ ያ በብሩሽ ይሠራል።

## ብሩሽ፣ ስፕሬይ፣ ኤርብራሽ

ብሩሽ ከ1/48 ለሚተልቅ ሞዴል አይመከርም። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይምረጡ። የታሚያ አክሪሊክ በኤርብራሽ ግሩም ነው፤ በብሩሽ ግን ሁለተኛው ንብርብር ሲነካው የመጀመሪያውን ያነሳዋል፣ ማዘግያ ፈሳሽ ካልተጨመረበት። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ወይም አራት ስስ፤ በየመካከሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የብሩሹ ጉዞ ከፊት ወደ ኋላ፣ አየሩ እንደሚሄደው። የመጀመሪያው ንብርብር ያስጠላል። ማስጠላት አለበት፤ ያኔ ደንግጠው ላዩ ላይ ካደነደኑበት ነው የሚበላሸው።

ስፕሬይ ለስላሳ ገጽ በርካሽ ይሰጣል፤ በአንጻሩ ቀለሙ ብዙ ይባክናል፣ ሽታውም ውጭ ያስወጣል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይራቁ፤ መርጨት የሚጀምሩትና የሚያቆሙት ከሞዴሉ ውጭ ይሁን። ከቀረቡ ይፈሳል፣ ከራቁ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ቅደም ተከተሉ ታችኛው፣ ቀጥሎ ከላይኛዎቹ ፈዘዝ ያለው፣ ከዚያ በቴፕ ሸፍኖ ጥቁረት ያለው ነው። የእነዚህ ስፕሬዮች ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ በብሩሽ በተቀባ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ላይ አይረጩ፤ ይሸበሸባል። ስፕሬይ መጀመሪያ፣ ብሩሽ በኋላ።

ኤርብራሽ ከኮምፕረሰሩ (አየር ከሚያመነጨው መሣሪያ) ጋር ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር አያንስም፤ ጭምብልና ጭሱን የሚያስወጣ ቦታም ይጠይቃል። ባለ 0.3 ሚሊሜትር መርፌ፣ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊት፣ እንደ ወተት የቀጠነ ቀለም። ለአንድ ሞዴል ብሎ መግዛት አያዋጣም። ሦስተኛውን ሞዴል ከጨረሱ በኋላ አሁንም ፍላጎቱ ካለ ይግዙት፤ ካልታጠበ በአንድ ማታ እንደሚደፈን ግን ይወቁ።

## የትኛውም ሳጥን ቢሆን የሚበላሸው

ስፒትፋየር የራሱ ሦስት ክፉ ቦታዎች አሉት።

አንደኛው ክንፉ ከቀፎው የሚገናኝበት ነው። የታችኛው ክንፍ አንድ ወጥ ክፍል ሆኖ ከግራ እስከ ቀኝ ስለሚሄድ የክንፉን ወደ ላይ ማዘንበል የሚወስነው እሱ ነው። ሳያጣብቁ መጀመሪያ በቴፕ ይሞክሩ። ከላይ ክፍተት ከታየ ስቱኮ ከመጠቅጠቅ በፊት ከስፕሩው ቁራጭ ዘንግ ቆርጠው በቀፎው ውስጥ አግድም ይወጥሩት፤ ቀፎው ወደ ጎን ሰፍቶ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። የቀፎው ሁለት ግማሾች አንድ ቀን ሙሉ ካልደረቁ ግን ይህ ውጥረት ስፌቱን ይከፍተዋል። ክንፉ ሲደርቅ በሁለቱ ጫፎች ሥር እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት የክብሪት ሳጥኖች ያስቀምጡ፤ አንዱ ጫፍ ሳጥኑን ካልነካ አሁኑኑ ይስተካከል፣ ነገ አይሆንም።

ሁለተኛው እግሩ ነው። የስፒትፋየር ጎማዎች ተቀራርበው የተተከሉ፣ ወደ ውጭና ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበሉ ናቸው። ቀጥ አድርጎ የተከላቸው ሰው ሞዴሉ ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን ያየዋል። በፈሳሽ ማጣበቂያ ይለጥፉ እንጂ በሱፐር ግሉ አይሁን፤ ፈሳሹ አሥር ደቂቃ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል።

ሦስተኛው መስታወቱ ነው። ሱፐር ግሉ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ፈሳሹ የፕላስቲክ ማጣበቂያ አንዴ ካመለጠ ያቀልጠዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ ከተረፈም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

ለዲካሉ ደግሞ ዋናው ነገር ከሥሩ ያለው ገጽ ነው። ማት ቀለም ላይ በቀጥታ ከተለጠፈ በሻካራው ገጽ ሥር አየር ይታሰርና ደርቆ ብር ይመስላል። ቀድሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ ከዚያ ማት ቫርኒሽ።

## ለማን የትኛው?

ከ10 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ፦ 1/72 ማስጀመሪያ ሳጥን፣ ጎማው ታጥፎ እየበረረ። እግሩ ስለሚቀር ግማሹ ችግር ይቀራል። ከተሩን ግን አዋቂ ይያዝ።

በአጠቃላይ 60 ዶላር ላለው ትልቅ ሰው፦ የኤርፊክስ 1/72 ወይም በቅናሽ የተገኘ 1/48፣ ጥቂት የውሃ አክሪሊክ፣ ብሩሽ። መቁረጫውን በጥፍር መቁረጫ መተካት ይቻላል፤ ፈሳሽ ማጣበቂያውን ግን በሌላ አይተኩ። ከቱቦ የሚጨመቀው ወፍራሙ ማጣበቂያ ክር እየጎተተ ገጹን ያበላሻል።

100 ዶላርና ትዕግሥት ላለው፦ ታሚያ 61119 እና ለብቻ የሚሸጥ የመስታወት መሸፈኛ። በብሩሽም ይወጣዋል።

ኤርብራሽ ላለው፣ ሁለት ሦስት ሞዴል ለሠራ፦ ኤዱዋርድ። ትልቅ ለሚወድ ሬቬል 1/32፤ የታሚያው 1/32 ከእሱ በኋላ ይምጣ።

ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ አውሮፕላን ለሚፈልግ ስፒትፋየር ትክክለኛው አይደለም። በ1940 እና 41 በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ላይ የተዋጉት ሃሪኬን፣ ግላዲያተርና የጣሊያኑ ፊያት ሲአር 42 ናቸው። ሦስቱም በ1/72 ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሃሪኬን ይሁን። ሌሎቹ ሁለት ባለ ድርብ ክንፍ ናቸው፤ የላይኛውን ክንፍ በቀጫጭን ምሰሶ ላይ ቀጥ አድርጎ ማሳረፍ፣ በግላዲያተር ላይ ደግሞ የሽቦ ውጥረቱን መሥራት፣ ሌላ ትምህርት ነው። የ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት የሚስበው ሰው ኤፍ-5ን ከአንድ ወገን፣ ሚግ-21ን ከሌላው ወገን ጎን ለጎን ሊሠራ ይችላል፤ ሁለቱም በ1/72 እና በ1/48 አሉ።

ከውጭ ወደ አዲስ አበባ ለሚያመጣ ወይም ለሚያስመጣ፦ ሳጥኑ በሻንጣ ይገባል፤ ስፕሬይ፣ ኢናሜል፣ ቲነርና የፕላስቲክ ፈሳሽ ማጣበቂያ ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ በእጅም ሆነ በታች፣ የተከለከሉ ናቸው። በውሃ የሚቀጥኑ አክሪሊኮች ተቀጣጣይ አይደሉም፤ ቢሆንም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አሳይቶ አየር መንገዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አየር ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ እያንዳንዱን ክዳን በቴፕ ጠቅልለው በሁለት ፌስታል ያስሩት። ዲካሉን ከሳጥኑ አውጥተው ጠፍጣፋ መጽሐፍ መካከል ያድርጉት፤ የታጠፈ ዲካል ውሃ ሲነካው ከታጠፈበት ይቆረጣል።